ሁለተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ

ሰው የሚፈራውን ነገር ከማድረግ ስለ ነገሩ ማጥናት ይቀለዋል። ዋና የሚፈራ ስለ ውኃ ያነባል፤ ትዳር የሚፈራ ባለትዳሮችን ይመክራል። እኔ ጭፈራ እፈራለሁና የጭፈራን ቃላት በስፓኒሽ አጠናሁ።

ምክንያቱ ማሪሶል ናት። እዚህ ስደት አገር፣ ታከር በምትባል ከተማ ባለው መጋዘን አብረን ካርቶን እናሽጋለን። ስፓኒሽ ተናጋሪ ናትና፣ እነሱ ዘንድ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እንደ ሠርግ ይደገሳል፤ ለእህቷ ልጅ ድግስ እኔንና የሥራ ባልደረባችንን ጋሽ ተስፋዬን ጠራችን። «ባይሌ አለ» አለች። ቃሉ ሳምንቱን ሙሉ አላስቀመጠኝም። ደብተር ገዛሁ። «ባይሌ» ጭፈራውም ነው፣ ሰው ተሰብስቦ የሚጨፍርበት ድግሱም ነው። «ዳንሳ» ግን ክብር ይወዳል፤ እኛ ለመድረኩ ውዝዋዜ እንደምንለው መሆኑ ነው። ወዳጅ ለወዳጁ ሲሆን ደግሞ «አጽምህን አነቃንቅ» ይባላል። ይቺን በቀይ አሰመርኩባት፤ እርግጠኛ ስላልነበርኩም ሁለት ጊዜ አጣራሁ።

ቅዳሜ ሙዚቃው ሲጀምር ማሪሶል ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና እጇን ዘረጋች። «ባይላስ?» አለችኝ፤ ትጨፍራለህ ወይ ማለቷ ነው። ልቤ ቀድሞ ተነሣ።

«ኖ፣ ኖ፣ ግራሲያስ» ብዬ አመሰገንኳት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ።

እናንተ መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ የራበው ሰው «አሁን በላሁ» ይላል፤ ለመጨፈር እግሩ የሚያሳክከውም በክንዱ ካልተጎተተ አይነሣም። እናም ሁለተኛውን ልመና ስጠብቅ ወንበሬን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁ። ማሪሶል ፈገግ ብላ «ኦኬ» አለችና ሄደች። ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መጋዘናችን ውስጥ ከሚነዳው ልጅ ጋር ሦስት ዘፈን ጨፈረች። ቆጥሬያለሁ።

«ምነው፣ እግርህን አመመህ?» አሉኝ ጋሽ ተስፋዬ።

«ሁለተኛ ትጠይቀኛለች ብዬ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር እምቢ ካልክ እምቢ ብለሃል። እኔ ስግደረደር ስንት ምሳ አምልጦኛል መሰለህ።»

እሑድን ስቁነጠነጥ ዋልኩ። ከእንግዲህ ማሪሶል ለምትጠይቀኝ ሁሉ በመጀመሪያው «እሺ» ልላት ወሰንኩ። ሰኞ ጠዋት ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ መጣች።

«የፊታችን ቅዳሜ…» ብላ ስትጀምር፣

«እሺ» አልኳት።

ፊቷ በራ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች። ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ የነገረኝ ሱፐርቫይዘሩ ነው፦ ማሪሶል ቅዳሜ ከፎርክሊፍት ነጂው ጋር ጭፈራ ስለምትሄድ፣ ሺፍቷን የምሠራላት እኔ ነኝ።

ለጋሽ ተስፋዬ ነገርኳቸው። ካርቶናቸውን አሽገው ጨረሱና ቀና አሉ።

«መግደርደር የነበረብህስ ይሄኔ ነበር» አሉኝ።