የጋሽ ባንተአምላክ «በአጭሩ»

«በአጭሩ ልናገር» የሚል ሽማግሌ የሌለው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በምድር ላይ አይገኝም። ከተገኘም ምእመናኑ እሑድ ምሳቸውን በሰዓቱ የሚበሉ ዕድለኞች ናቸው። ብቸና ግን ጋሽ ባንተአምላክ አሉ።

እሳቸው ማይክ ከጨበጡ ታሪኩ ከሥሩ ይጀመራል። ሰባት ሰው፣ የእማማ ይርጋነሽ ጠባብ ክፍል፣ ቀኑ ማክሰኞ። ከሞጣ ሁለት ወንድሞች ለጸሎት ይመጣሉ። ከዚያ ያ ዝናብ! ወንዙ ይሞላና እንግዶቹ ሦስት ቀን መሻገሪያ ያጣሉ። የእማማ ይርጋነሽን ሽሮ አሟጠው ሲያበቁ በሦስተኛው ቀን «ከእንግዲህማ አንለያይም» ይባባላሉ። የሞጣና የብቸና ኅብረት የተወለደው እንዲህ ነው።

እፀገነት ይህን ስንት ጊዜ ሰማችው! ነርስ ናት፤ ከሆሳዕና ተመድባ ከመጣች አራት ዓመቷ። እሑድ እሑድ መድረክ ትመራለች። አንድ ቀን «ጋሽዬ፣ የመዘምራን ልምምድ ወደ ቅዳሜ መዛወሩን ብቻ ይንገሩልኝ» ብላ ለመነቻቸው። «በአጭሩ» አሉና ዝናቡን አዘነቡት። ልምምዱ ተረሳ፤ ቅዳሜ ብቻዋን አዳራሽ ተጎልታ ዋለች። ሰርግ ላይማ ሙሽሮቹን መርቁ ቢባሉ ወንዙን ሞሉት፤ ሙሽራዋ ጫማዋን አውልቃ ቆመች። ከዚያ ወዲህ እፀገነት «ሊቀ ታሪክ ዘብቸና» እያለች ታማቸዋለች፤ ገና ብድግ ሲሉም ሰዓቷን ታሳያቸዋለች።

ዘንድሮ ኅብረቱ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሞጣ ላይ አከበረ። እያንዳንዱ አጥቢያ ታሪኩን በዐሥር ደቂቃ ይናገራል፤ የተነገረው መጽሔት ላይ ይታተማል። ላልተናገረ አንድ መስመር ብቻ ይደርሰዋል። የብቸናን ቃለ ጉባኤ ደግሞ አይጥ ከበላው ቆይቷል፤ ከመሥራቾቹ የቀሩት ጋሽ ባንተአምላክ ብቻ ናቸው።

ታዲያ ሰውዬው ከብቸና እስከ ሞጣ ሚኒባስ ውስጥ ሲዘምሩና ሲለማመዱ መጥተው፣ መድረክ ላይ ሲወጡ ድምፃቸው ድራሹ ጠፋ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ግን የለም። ዐይናቸው እንባ ሞላ። ይህችን ቀን ሃያ አምስት ዓመት ጠብቀዋታል።

እፀገነት ሳታስበው ዘላ ወጥታ ማይኩን ተቀበለቻቸው።

«በአጭሩ» አለች፤ የብቸና ሰው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። «ሰባት ሰዎች ነበርን…» ነበርን! ያኔ እሷ ሆሳዕና ውስጥ ገና ዳዴ ትል ነበር። «ቀኑ ረቡዕ…»

ጋሽ ባንተአምላክ ጣታቸውን አወጡ።

«ማክሰኞ!» ብለው መዘምራኑ በአንድ ድምፅ አረሟት።

«ይቅርታ፣ ማክሰኞ!» ብላ ቀጠለች። ስለ ክፍሏ ጥበት፣ ስለ እማማ ይርጋነሽ ደግነት፣ ማን የት እንደተቀመጠ ሳይቀር ተረከች። ጋሽ ባንተአምላክ እንባቸውን እየጠረጉ በየዐረፍተ ነገሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የሞጣው ሰዓት ተቆጣጣሪ ወንድም አካለ ወልድ «ጊዜዎ አልቋል» የሚል ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

እፀገነት ተቆጣች።

«ወንድሜ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ገና ዝናቡ እንኳ አልዘነበም!»