ወርቅ ሠሪው አቶ ፈቀደ በ«ር» እና በ«ል» ላይ የዘመቱት ዘመቻ

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለፈቀደ፣ ነሃቤ ወርቅ ዘፒያሳ። በዘመነ ማርቆስ፣ በዘመነ ኮሪደርም፣ የአሮጌው ፒያሳ እኩሌታ ፈርሶ እኩሌታው ቀለም ተቀብቶ በተረፈበት፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቶ እግረኛው ግን እንደ ልማዱ በአስፋልቱ መሄዱን ባልተወበት ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ በአቶ ፈቀደ ላይ ከባድ ጦርነት ተነሣ። ጠላቶቹም ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ የእንግሊዞች «ር»፣ ሁለተኛዋ የእንግሊዞች «ል»። ይህንን የምጽፈው እኔ አባይነህ፣ ከወርቅ ቤቱ ደጅ የመስታወት ሣጥን ዘርግቼ ሰዓት የምጠግን ጎረቤታቸው ነኝ፤ ያላየሁትን አልጻፍኩም፣ ያየሁትንም አላሳነስኩም።

የጦርነቱ ምክንያት ይህ ነው። አቶ ፈቀደ ናዝራዊት የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለቻቸው፤ አንድያቸው ናት፣ ዘግይታ የመጣች ናትና እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩዋታል። በትምህርት ቤቷ በወላጆች ቀን፣ ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ወላጅ በክፍሉ ፊት ቆሞ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ተረት ያነብ ዘንድ ሥርዓት አለ። አቶ ፈቀደም ሱፋቸውን ላውንደሪ ሰጥተው ሲዘጋጁ፣ ልጅቱ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጥላ፣ አባዬ አንተ አትምጣ፣ እማዬ ትምጣ አለቻቸው። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። እሳቸው ግን ገባኝ አሉ፤ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ በር መምህርቷን በእንግሊዝኛ ሰላም ሲሉ፣ «ር»ን እንደ አገራቸው ወግ ምላሳቸውን አርገብግበው ስለ ተናገሯት፣ አንድ ተማሪ የባጃጅ ሞተር ድምፅ አውጥቶ ቀልዶባቸው ነበርና። ልጄ አፈረችብኝ ብለው ያን ዕለት ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። እኔም ከልቤ አዘንኩላቸው፤ ሰው በልጁ ፊት ሲያንስ ማየት ያማል።

በማግስቱ በወርቅ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በዚህ መንገድ የምትወጣና የምትወርድ፣ ወርቅ የምትገዛም፣ በመስታወት አይተህ ብቻ የምታልፍም፣ ስማ። እኔ ፈቀደ የወላጆች ቀን እስኪደርስ ምላሴን ላላርገበግብ ምያለሁ። ሳርገበግብ የሰማኝ ይገሥጸኝ፤ ሰምቶ ዝም ያለ ወዳጄ አይደለም።»

ይህን አዋጅ ሰምቶ የከተተው ሠራዊት ይህ ነው። በቀኝ ሸፊቃ፣ የሻርፕ ሱቁ እመቤት፣ በስልኳ ዩቲዩብ ውስጥ የምላስ ሥዕል እያሳየች የምታስተምር አንዲት ፈረንጅ ያገኘች፤ በግራ ሶፊያ፣ የኬክ ቤቱ ባንኮኒ ገዥ፣ የማኪያቶው ማሽን እየጮኸ እንኳ የሰው ስህተት የማያመልጣት፤ በግንባር አታክልቲ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ፊሽካ የታጠቀ፤ በደጀንም እኔ። አታክልቲ አቶ ፈቀደ ባርገበገቡ ቁጥር ፊሽካውን ይነፋ ስለ ነበር፣ ታክሲዎቹ የተጠሩ መስሏቸው ያለ ተራቸው እየተነሡ ብዙ ግርግር ሆነ።

የፈረንጇም ሕግ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ል» ስትነገር ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ትደገፍ፣ «ር» ስትነገር ግን ምላስ ወደ ኋላ ታፈግፍግ፣ ላንቃንም አትንካ። የአቶ ፈቀደ ምላስ ግን በዕድሜዋ አፈግፍጋ አታውቅም። ወደ ኋላ ሲሏት ትዘልላለች፣ አትንኪ ሲሏት ከጥርሳቸው ሥር ሄዳ ትለጠፋለች። ስለዚህ «ር» ካልተርገበገበች «ል» ሆና ትወጣ ጀመር። ይባስ ብሎ ነገሩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተሻገረ፤ የወርቅ ቤት ሥራ ደግሞ ያለ «ር» አይሆንም፣ ወርቅ አለ፣ ብር አለ፣ ካራት አለ፣ ግራም አለ።

አንድ ቀን የሙሽራ እናት የጆሮ ጌጥ ልታይ ገብታ ስንት ካራት ነው ብትላቸው፣ ያ ጢሙ የሸበተ ሰው አፉን እንዳልፈታ ሕፃን ኮልተፍ ብሎ መለሰላት። ሴትዮዋም ትክ ብላ አየቻቸውና፣ ምስኪን፣ ስትሮክ መትቷቸዋል እያለች ወጣች። ወሬው ከወርቅ ቤት ወርቅ ቤት እየዘለለ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሽማግሌዎች መጡ፤ ከጊዮርጊስ ጠበል በጀሪካን መጣ፤ አጥሚት በፔርሙዝ መጣ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንቁም ከቢሮ እያለቀሱ ደረሱ። አቶ ፈቀደ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው ብለው ሊያስረዱ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ ከቀድሞው ይልቅ ተኮላተፉ፤ ለቅሶውም በረታ። እሳቸውም የሰው ፍቅር መግፋት ነውር ነው ብለው ጠበሉንም አጥሚቱንም ጠጡ።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ አቶ ፈቀደ በሆድ ሙላትና በኀዘን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚበይዱት ቀለበት ነበርና፣ በአፍ የሚነፋውን ቀጭን ቱቦ ይዘው እሳቱን ይነፉ ጀመር። ጉንጫቸው ተነፋ፤ ምላሳቸውም ለትንፋሹ መንገድ ስትለቅ ወደ ኋላ ተሰበሰበች፣ የትም ሳትነካ በአፋቸው መካከል ቀረች። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ታወቃቸው። ቱቦውን ቀስ ብለው አውጥተው፣ ምላሳቸውን ከዚያው ሳያነቃንቁ ድምፅ ቢሰጡ፣ «ር» ወጣች፤ ያልተርገበገበች፣ «ል»ም ያልሆነች፣ ራሷ የእንግሊዞች «ር»። አታክልቲ የሚነፋበት ምክንያት አጣ። ሸፊቃም ከእንግዲህ ፈረንጇ አታስፈልግም ብላ ስልኳን ዘጋች።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ ወይዘሮ እንቁ ተራቸውን ለቀቁላቸው። እኔም አጅቤያቸው፣ ምኒልክ አደባባይን አልፈን ትምህርት ቤቱ እስክንገባ ናዝራዊት የሹራቧን እጅጌ ስታኝክ ነበር። እኔ በመስኮት በኩል ቆምኩ። ተረቱ ዝናብ ስለሚፈራ አንድ ሰነፍ አንበሳ ነበር፤ በእያንዳንዱ መስመር «ር» ወይም «ል» አድፍጣለች። አቶ ፈቀደ ግን ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ሐሳባቸውን ሁሉ በምላሳቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ አንዲቱን ወደ ኋላ እየመለሱ ሌላዪቱን ከጥርስ እያስደገፉ ገጹን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። የሳቀ የለም። መምህርቷ አጨበጨበች፤ ናዝራዊትም እጅጌዋን ከአፏ አወጣች።

ስንመለስ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ በካልሲና በቻርጀር ነጋዴዎች መካከል፣ ድል አድራጊው ቆም ብለው፣ የዛሬው እንግሊዝኛዬ አላሳፈረሽም አይደል ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። ልጅቱም ግራ ተጋብታ አየቻቸውና እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባዬ፣ እኔ ስለ እንግሊዝኛህ መች አልኩ? አትምጣ ያልኩህ አምና እኔ ስዘምር ስቅስቅ ብለህ ስላለቀስክ ነው። ልጆቹ አባትሽ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ የምላቸው አጣሁ። ዛሬ ግን አላለቀስክም። ከርሞም አንተ ና።»

አቶ ፈቀደም ይህን ሰምተው፣ የሱፋቸውን እጅጌ ወደ ፊታቸው አንሥተው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ናዝራዊት ግራና ቀኝ ተመለከተች፤ የክፍሏ ልጅ በአካባቢው አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ እጃቸውን ያዘች።

እንዲህ ያለ ጀግና በፒያሳ ከዚህ በፊት አልታየም፤ ፈቀደ፣ ነበልባልን በትንፋሹ የገዛ፣ ጠበልንና አጥሚትን ባንድ ላይ የቻለ፣ «ር»ን ያስገበረ፣ «ል»ን በቦታዋ ያቆመ፣ የገዛ እንባውን ብቻ ማስገበር ያቃተው።