እምቢ የማያሰኙት እትዬ ዘሀራ

በየሰፈሩ አንድ «በሞቴ» ባይ አይጠፋም። ጠግቤያለሁ ስትለው አያምንህም፤ አሞኛል ስትለው «እንግዲያማ ብላ!» ይልሃል። ከእጁ ያመለጠ እንግዳ የለም። አምልጫለሁ የሚል ካለም፣ ከበር ተጠርቶ በፌስታል የተቋጠረለትን ረስቶት ነው።

የሰቆጣው «በሞቴ» ባይ ክብርት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ኢድሪስ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጨርቅ ሊገዛ ገብቶ፣ ሳይገዛ በልቶ የወጣው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። እትዬ ዘሀራ ሳህኑ ጎደል ሲል «በሞቴ!» ይላሉ። እጅህን ስትሰበስብ «አፈር ስሆን!» ይከተላል። ተነስተህ ጫማህን መፈለግ ስትጀምር ደግሞ የመጨረሻው መድፍ ይተኮሳል፤ «ተቀይሜሃለሁ!» ይህን ሰምቶ ተመልሶ ያልተቀመጠ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስተምሩ ሰዎች ይሠልጥኑ ሲባል ከማንም ቀድመው የተመዘገቡት እኚህ ሴት ናቸው። የምንሠለጥነው፣ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ምግባቸውን፣ መድኃኒታቸውንና እግራቸውን እንዴት በራሳቸው እንደሚጠብቁ እንድናስተምር ነው። የእትዬ ዘሀራ ስም ሲጠራ አብረውኝ የሚሠለጥኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና እኔ ተያየን። አንደኛዋ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ የሌለ እስክሪብቶ ፈለገች።

አሰልጣኛችን ነርስ ወንዳወቅ አንድ ቀን ምግብ በየድርሻው የተደረደረበት ሳህን ይዞ መጣ። «ግማሹ ጎመንና አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሥጋ» አለ። እትዬ ዘሀራ ወጥተው ደገሙት፤ አንዲት ቃል አልሳቱም። አጨበጨብን። እሳቸው ግን ሳህኑን ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«ያረቢ! ይሄ ለሰው ይቀርባል?» አሉና አንድ ሙሉ እንጀራ ጣል አደረጉበት።

ቀጥሎ የዕቅድ ትምህርት መጣ። ታማሚው የሳምንቱን ዕቅድ ራሱ ያወጣል፤ አስተማሪው ይጠይቃል እንጂ አያዝም። ታማሚ ሆኜ ፊታቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

«በዚህ ሳምንት ምን ልትቀይር አሰብክ?» ብለው ደህና ጀመሩ።

«የሻይ ስኳሬን ወደ ሁለት ማንኪያ እቀንሳለሁ።»

«ወደ አንድ አድርጋት፣ በሞቴ!»

ወንዳወቅ ራሱን ያዘ። «እትዬ፣ አያስገድዱ እንጂ!»

«አብሽር ልጄ፣ መች አስገደድኩት? ለመንኩት እንጂ!»

በሻይ ሰዓት ወንዳወቅ ጠጋ ብሎ፣ የነገውን የማስተማር ልምምድ ካላለፉ የሚያስተምሩበት ክፍል ሊሰጣቸው እንደማይችል ነገራቸው። እትዬ ዘሀራ ሻያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት።

በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢድሪስ ስኳር እንዳለበት ታውቃለህ። ያ የእግሩ ቁስል ስንት ወር አሰቃየን! እኔ ቤት ውስጥ ቀንሼለታለሁ። ከቤት ሲወጣስ ምን ላድርግ? በየሄደበት እንደ እኔ ያለች ሴት አለች» አሉኝ።

በማግስቱ ዕጣ ወጣና የደረሳቸው ርዕስ ተነበበ፤ «በሰው ቤት እምቢ ማለት»። ወንዳወቅ ጣሪያውን አየ። አዳራሹ ውስጥ ለልምምዱ የተጋበዙ ታማሚዎች ተቀምጠዋል፤ አቶ ኢድሪስም አሉበት። እትዬ ዘሀራ ማር የፈሰሰበት ዳቦ በሳህን ይዘው ገቡ።

«ዛሬ አላስተምርም፤ እጋብዛለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው ተማረ ማለት ነው» አሉ።

መጀመሪያ ከአምደወርቅ ወደመጡት ገበሬ፣ ወደ አቶ ደሴ ሄዱ። አቶ ደሴ «ጠግቤያለሁ» አሉ። «በሞቴ!» ሲባሉ እጃቸው ራሱ ተዘረጋ። ቁራሹ አፋቸው ሳይደርስ እትዬ ዘሀራ መንጭቀው ወሰዱት።

«ወደቁ! ተዝካር ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ይነጥቅዎት ነበር?»

ሁሉም በየተራው ወደቀ። ወንዳወቅ «ኧረ እኔ አሰልጣኝ ነኝ» ቢል፣ «አሰልጣኝ አፍ የለውም?» ተባለ። እሱ ስኳር ስለሌለበት የነጠቀው የለም፤ በልቶ ጣቱን ላሰ።

በመጨረሻ ባላቸው ፊት ቆሙ። ሳቁ በረደ።

«ኢድሪስ፣ በሞቴ!»

«ዘሀራ፣ እጅሽ ይባረክ። አልበላም።»

«አፈር ስሆን!»

«አትሁኚ። አልበላም።»

«ተቀይሜሃለሁ!»

አቶ ኢድሪስ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ። «ተቀየሚ። ቅያሜሽ ይሽራል፤ አልሽርም ብሎ ያስቸገረኝ የእግሬ ቁስል ነው።»

እትዬ ዘሀራ ሳህኑን አስቀምጠው እልልታቸውን አቀለጡት። ወዲያው ደግሞ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም የራሴን ጠረግሁ። ወንዳወቅ ወደ እሳቸው ሄዶ የክፍሉን ቁልፍ እጃቸው ላይ አኖረላቸው።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው ሰርግ ሲጠራ፣ አስቀድሞ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄዶ እምቢታውን ያስሞርዳል። ከኒሯቅ ድረስ የሚመጣም አለ። እሳቸውን ያለፈ ሰው የትኛውንም ድግስ አይፈራም።

ባለፈው ቤታቸው ጎራ አልኩ። ያው ዳቦ፣ ያው ማር ቀረበ። «በሞቴ!» አሉኝ። ጎበዝ ተማሪ መሆኔን ላሳይ ብዬ «እጅዎ ይባረክ፣ አልበላም» አልኩ። «አፈር ስሆን!» «አይሁኑ።» «ተቀይሜሃለሁ!» «ይሽራል» አልኩ ኮራ ብዬ።

ፊታቸው በደስታ በራ። «ጎሽ! አንተስ አለፍክ!» ብለው ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ይዘውት ሄዱ።

እኔ ስኳር የለብኝም። ምሳም አልበላሁም ነበር። የማሩ ሽታ ከሳቸው ጋር በጓዳው በር ሲገባ አላስችል አለኝ።

«እትዬ ዘሀራ!» ብዬ ጮህኩ፤ «በሞቴ፣ ይመልሱት!»