«መጣሁ» ብሎ የሚሄድ ሰው

አማርኛችን ሐቀኛ ቋንቋ ነው ብዬ አልምልም። ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን በር ላይ የደረሰ ሰው ምን ይላል? «መጣሁ» ይላል። እየሄደ እኮ ነው። ያውም በኃላፊ ጊዜ፤ ያለቀ የደቀቀ ነገር አስመስሎ። ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ ማውራት በእኔ በጋዜጠኝነት ሙያ መልካም ስም የለውም። እናንተ ግን በቀን አሥር ጊዜ ትሉታላችሁ፤ ማንም አያርማችሁም።

እኔ አርማለሁ። «ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» እላለሁ፤ ለባለቤቴ ለአስካለ። አስካለ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ናት። ገበያ ስትወጣ፣ ለቅሶ ስትደርስ፣ ሽንኩርት ልትገዛ መንገድ ስትሻገር «መጣሁ» ትላለች። ሩብ ሰዓት ካለፈ እደውላለሁ። ካላነሳች እደግማለሁ። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ አልቃሿ የሟቹን ደግነት እየደረደረች ሳለ፣ የአስካለ ስልክ ሰባት ጊዜ ጮኸ። በስምንተኛው ለቀስተኛው ሟቹን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

ቤት ስትገባ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም።

«ወይ ታከም፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት እገባለሁ።»

«መረጃ ማጣራት በሽታ ነው?»

«ሽንኩርት ላይ? አዎ።»

ቀልዷን አልነበረም። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ነበር።

በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወርጄ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ፊት ተቀመጥኩ። ወጣት ነው፤ «ጋሼ» እያለ ያናግረኛል። ስለ ሚስቴ ልነግረው አፌን ስከፍት ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ጥያቄ መሸሽ የባለሥልጣን ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሕፃን ልጅ ከአሳዳጊው አመጣጥና አካሄድ የለመደውን፣ አድጎ ከሚስቱም ያንኑ ይጠብቃል አለኝ። ማስረጃ ጠየቅሁት። ይኼኔ ስልኩ ጠራ፤ «ጋሼ፣ አንዴ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሲመለስ ወንበሬ ላይ አልነበርኩም። ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተከትዬው ነበር።

«ማስረጃ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው» አለ።

በአንድ ምንጭ ብቻ ወሬ አይጻፍም። ስመለስ መንገድ ላይ ሞላሌ ወረድኩና እናቴ ቤት ገባሁ። ነፍስ ሳላውቅ ራቤል ከተማ፣ አክስቴ ዘንድ ትታኝ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ እንደነበር አውቃለሁ፤ የተመለሰችውም ሁለት የገብስ አጨዳ ካለፈ በኋላ ነው። የማላውቀው በር ላይ ምን እንዳለችኝ ነበር።

«ምን ልልህ ኖሯል? መጣሁ አልኩህ።»

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ነው።»

«ታዲያ አልመጣሁም?»

ምን ማስተባበያ ይጻፋል? መጥታለች።

«ይልቅስ የጎዳኸኝ አንተ ነህ» አለች፣ የበግ ጠጉር የምትፈትልበትን እንዝርት ሳታቆም። «ስመለስ ከአክስትህ ቀሚስ ሥር ገብተህ ‹ይቺ ሴትዮ ስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?› አልካት።»

ለካ ሰዓት መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ከሁለቱም ወገን ነኝ።

የአማካሪው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «መጣሁ» ስትል ስልኩን አርቆ መጠበቅ። በገበያ ቀን አስካለ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ስልኬን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩና ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት አለፈ። እጄ ባዶ ኪሴን ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ሻንጣው በቦታው መኖሩን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ይህን እንኳ ማንም አልከለከለኝም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛው ላይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አራት ዓመት እንኳ የሞላኝ አልመሰለኝም። በሦስተኛው ሰዓት በሩ ተከፈተ።

ሽልማት ስጠብቅ ፊቷ ደመና ሆኖ መጣ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምንም አልሆንክም?»

«ምንም።»

ሽንኩርቱን ዘጭ አድርጋ አስቀመጠች። «ሦስት ሰዓት ሙሉ! የት ወደቀች አትልም? ሰው ፊት ስልኬን አሥሬ እያወጣሁ ስመልስ ተዋረድኩ። በቃ፣ ሰለቸሁህ?»

በሳምንቱ አብረን ወደ ደብረ ብርሃን ወረድን። አማካሪው እሷን ብቻዋን ላናግራት አለ፤ በሩ ሳይዘጋ እንደሰማሁት፣ የጀመረው ከእናቷ ነው። ስትገባ ዞር ብላ «መጣሁ» ብላኛለች። ስልኬን ለእሷ አስረክቤያለሁ፤ የእጅ ሰዓቴንም ቤት ትቻለሁ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ግን አንድ ሰዓት ተሰቅሏል። አስካለ ከገባች ሃያ ሦስት ደቂቃ ሆኗታል።