እትዬ ቆይ ሳያዩት አይሰቀልም

በሩን ቆልፎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ "ቆልፌ ይሆን?" ብሎ የሚመለስ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛዋ ክብርት እትዬ ቆይ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። አልተቀየሙም፤ "ቆይ፣ እስቲ ድገመው" ብለው አስደግመው ተቀበሉት።

ሥራችን የአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ድረ ገጽ ነው፤ በአራት ቋንቋ ይነበባል። እንዳሻን የምናፈርሰውን የመሞከሪያ ገጽ "ታች" እንለዋለን፤ እናቶች የሚያነቡት ዋናው ገጽ "ላይ" ነው። የታቹን ወደ ላይ ለመስቀል አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። እትዬ ቆይ ካሉ ግን አይበቃም።

"ቆይ! የላዩን አውርደሃል?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"መቼ?"

"አሁን... ጠዋት።"

"አሁን ነው ወይስ ጠዋት?"

ነገሩ እውነት አላቸው። ተርጓሚዎቹ በቀጥታ የላዩ ገጽ ውስጥ ገብተው ቃል ያርማሉ፤ ያንን ወደ ታች ሳናወርድ የታቹን ከሰቀልን እርማታቸው ድራሹ ይጠፋል። ግን አንዴ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ቀን አስጠብቀውኛል፤ በአራቱም ቋንቋ፣ በራሳቸው ስልክ፣ ደግሞ በእህታቸው ስልክ እስኪያዩት። አንጀታችን አረረና "ሥራ ያዘገያሉ" ብለን ለአለቃ ጻፍን። እኔም ፊርማዬን አሳምሬ አኖርኩ። አለቃም "ለአንድ ሳምንት ያለሳቸው ስቀሉ፤ ከተሳካላችሁ ወደ መዝገብ ክፍል ይዛወራሉ" አሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እየዘፈንኩ ቁልፉን ተጫንኩ። ወዲያው ስልክ ጮኸ። በአራተኛው ቋንቋ የትኩሳት መድኃኒቱን አሰጣጥ ሦስት ሳምንት ቁጭ ብላ ተርጉማ ትናንት ማታ ዋናው ገጽ ውስጥ ያስገባችው የክሊኒኩ ሲስተር ናት።

"ወንድሜ፣ ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ የሚነገርበት ቦታ 'እዚህ ጽሑፍ ይገባል' ይላል እኮ! አንዲት እናት ደውላ ነው የነገረችኝ። ለሷስ በቃሌ ነገርኳት፤ ያልደወሉትስ?"

ክው አልኩ። የላዩን አላወረድኩም ነበር።

እትዬ ቆይ ምሳቸውን ትተው መጡ፤ ወንበር ሳብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። "እኔ ጠዋት ጠዋት አወርዳለሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም። ይኸው የዛሬው ቅጂ፣ አንተው መልሰው።" አንዱን መስመር ደጋግሜ ሳነብ አዩና "ቶሎ በል እንጂ!" አሉኝ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽሑፉ እንደተመለሰ አለቃ ቢሮ ገብቼ "ስሜን ልሰርዝ" አልኩ። ደብዳቤውን አወጡልኝ። ከሁላችን ስም በታች በእትዬ ቆይ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ "አንብቤዋለሁ። ማዘግየቴ እውነት ነው። ልጆቹን አይቆጧቸው።" ከሥሩ ፈርመዋል።

ስሜን ሰርዤ ወጣሁና የቀሩትን ፈራሚዎች አንድ በአንድ እየለመንኩ፣ የገገመውንም እየተቆጣሁ፣ ሁሉንም አሰረዝኩ። እሳቸውን ግን አልቻልኳቸውም። "እውነት ጽፌ እንዴት እሰርዛለሁ?" ብለው እምቢ አሉ። እናም ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን እትዬ ቆይን የከሰሰ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሳቸውም እትዬ ቆይ ናቸው።