ክቡር ማን ፈራ እና የሺኛው ዓመት ሰዎች

የሌላ ሰው ፍርሃት የሚያሳክከው፣ «ተጋነነ እንጂ ምንም የለም» ካላለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ለእኛ ለታሪክ ትምህርት ክፍል የደረሱን፣ በአባባላቸው ስም ያወጣንላቸው ክቡር ማን ፈራ ናቸው። የእሳት አደጋ ደወል ጮኾ ሁላችንም ደረጃውን በሩጫ ስንወርድ፣ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ ጭሱን በዓይኑ ያየ ሰው ካለ እንዲቀርብ ጠየቁ። ጭሱ ራሱ መጥቶ እስኪያስላቸው አልተነሡም።

ሙያቸው የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ታሪክ ነው። የቀድሞዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ሺኛው ዓመት ሲቃረብ ሕዝቡ ዓለም ሊያልቅ ነው ብሎ እርሻውን ጥሎ ያለቅስ ነበር ብለው ጻፉ። ቀጥለው የመጡት ሰነድ አገላብጠው፣ ሕዝቡ በዚያው ዓመት የቤቱን ጣሪያ ሲያድስ አገኙትና ነገሩን ተረት አደረጉት። ክቡርነታቸው የእነዚህ ወገን ናቸው። «ማን ፈራ? ዓለም ሊያልቅ ነው ያለ ሰው ጣሪያ ያድሳል?» ሲሉ የሚመልስላቸው ተማሪ አልነበረም። በቅርቡ ግን አንዲት ወጣት መምህርት ሦስተኛ ሐሳብ ይዛ መጣች፤ ፍርሃቱ እውነት ነበር፣ የፈራው አብዛኛው ሰው መጻፍ ስለማይችል ነው ድምፁ የጠፋው አለች። ክቡርነታቸው ሰላምታ ነፈጓት።

ከዚያ ባለቤታቸው ታመሙ። ሐኪሙ የቀረው ማስታመም ብቻ ነው አለ። እሳቸው በማግስቱ ቀለምና ብሩሽ ገዝተው ኮሪደሩን መቀባት ጀመሩ። ልጃቸው ደውላልኝ አለቀሰች። እናቷ መናገር ሳያቅታቸው አባቷ እንዲሰናበቷቸው ትፈልጋለች፤ እሳቸው ግን ነገሩ የገባቸው አልመሰላትም። እባክህ አንተ ንገራቸው አለችኝ።

እንዲህ ያለውን መልእክት ለጠላቴም አልመኝም፤ ግን ሄድኩ። ከመኝታ ቤቱ በር ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ቆመው ይቀባሉ። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ያለውን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ፈርቻለሁ። እጄ ሥራ ሲፈታ ይብስብኛል። እንዴት ብዬ ነው የምሰናበታት?» ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከሩት። «ለዚያች ወጣት መምህርት ንገራት፤ ጣሪያ ያደሱትም ፈርተው ይሆናል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድባቸው ኖርኩ።»

ይህን ጊዜ ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፤ ደክሟል ግን ይሰማል።

«አሁን ይብቃህ። ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል።»

ከበርጩማው ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዝኩ። ያን ግትር ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው። እጃቸውን ሳይታጠቡ ገቡ። በሩን ዘጋሁላቸውና በርጩማው ላይ ወጥቼ የቀረውን ግድግዳ እያለቀስኩ ቀባሁ።