መጋዜን አልጥልም

ሰው ብረት ይወዳል፤ ብረት የሚሠራውን ሰው ግን አይወድም። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ማረሻ የማይፈልግ ገበሬ፣ ቢላዋ የሌለው ማድቤት፣ ያለ ምስማር የቆመ በር የት አያችሁ? ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጩ ደጅ የሚሮጠው ሰው፣ አሠርቶ ሲመለስ ልጁን «ዐይኑ እንዳያርፍብህ ሽሽ» ይለዋል። እጁን ፈልጎ ዐይኑን መፍራት! ይህን ሒሳብ ማን እንዳስተማረን እንጃ።

በደርግ ዘመን ደግሞ ነገሩ የባሰ ይገርም ነበር። የባሕር ዳር ግድግዳ ሁሉ መዶሻና ማጭድ ተስሎበት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በየስብሰባው «ብረት ሠሪው የአብዮቱ ክንድ ነው» እያለ ያስጨበጭበን ነበር። ክንዱስ እሺ፤ ልጁን ለዚያ ክንድ ይድር እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም። እኔ ልጠይቀው ተነሥቼ ዕድሜዬ ትዝ ሲለኝ ተቀመጥሁ።

እኔ ራሴ ቀጥቃጭ አይደለሁም። የፋብሪካ ጸሐፊ ነበርሁ። ቀን ማኅተም ስመታ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ጓደኞቼ ጠላ ቤት ሲገቡ እኔ ፔዳ ኮሌጅ አጠገብ ከተከራየኋት ቤት ጓሮ እገባለሁ። እዚያ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ነበረችኝ፤ በውስጧ ብረት ነክሳ የምትይዝ አንዲት አሮጌ ሞርሳና ሁለት የብረት መጋዞች። ለምን ሁለት? አንዱ ለወፍራም፣ አንዱ ለስስ ነዋ! መጋዝ ስትገዙ የእጀታውን ቀለም አትዩ፤ ጥርሱን እዩ። ጥርሱ ሰፋ ያለው ለወፍራም ብረት ነው። ስስ ቱቦ ላይ ብታሳርፉት ይነክስና ጥርሱን አራግፎ ድድ ሆኖ ይቀራል። ለቱቦና ለላሜራ ጥርሰ ደቃቁ ይሻላል። ምላጩን ስታስገቡ ጥርሱ ወደ ፊት ይይ፤ ስትገፉ ተጫኑ፣ ስትስቡ ለቀቅ አድርጉት። ሊቀመንበራችን ሲገፋም ሲስብም ይጫን ነበር፤ ለዚህ ነው ስብሰባው ምንም የማይቆርጠው።

በዚያ ወራት እሠራ የነበረው የብረት አልጋ ነው። ለማን? ለእኔና ለውብነሽ። ውብነሽ አስተማሪ ናት፤ አባቷ ቄሰ ገበዝ አድማሱ ይባላሉ። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ፣ የዕቃ ቤቱን መክፈቻ ከወገባቸው የማይለዩ ትልቅ ሰው ማለት ነው። ደብሩ ከጣና ዳር ነው፤ ዕቃ ቤቱም ከድንጋይ የተሠራ፣ በሩ ከዝግባ የተጠረበ የጥንት ቤት ነው።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን ጋሽ ታደሰን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁ። የውብነሽ ወላጆችም እንደ ወጉ ዘሬን ሊያስጠይቁ በገበያ ቀን ሐሙሲት ድረስ ሰው ሰደዱ። እኔ የሐሙሲት ልጅ ነኝ። ሰባት ቤት ተቆጠረብኝ። ገበሬ፣ ገበሬ፣ አንድ ዲያቆን፣ አንድ የከብት ሌባ፣ እንደገና ገበሬ። የከብት ሌባው እንኳ ቅር አላሰኛቸውም፤ «ወንድ ነበር» ተባለ አሉ።

ነገሩ የተበላሸው የውብነሽ እናት እትዬ ጥሩነሽ ቤቴን ሊያዩ የመጡ ዕለት ነው። ዳሴ ውስጥ ፊቴ በብረት ብናኝ ጠቁሮ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ መጋዙን ገፋ ሳብ ሳደርገው ደረሱ። አማተቡ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ መልሱን ይዞልኝ መጣ፦ ዘሩ ንጹሕ ነበር፣ እጁ ግን የቀጥቃጭ ሆኖ አገኘነው፤ ሰው ምን ይለናል? መጋዙን ይጣልና ልጅቷን ይውሰድ። እስከ ጥምቀት ቃሉን ካልሰጠን ሌላ ጠያቂ አለን።

አያችሁልኝ? ሌባውን ዘር ያለፉ ሰዎች በመጋዝ ተያዙ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወላወልሁ። ውብነሽን እንደ ዐይኔ ብሌን ነበር የምወዳት፤ ሌላ ሰው ሲወስዳት ቆሜ ማየት አልችልም ነበር። መጋዝ ምንድን ነው? አንድ ቀን ዝጎ የሚሰበር ቆርቆሮ አይደል? እንዲህ እያልሁ ራሴን ሳባብል ውብነሽ ነገሩን ሰምታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ልትጥለው ነው ወይ አለችኝ። መጋዝ እኮ አንድ ቀን ይሰበራል አልኋት። ዛሬ ለእናቴ ብለህ መጋዝህን ከጣልህ፣ ነገ ለእናትህ ብለህ እኔን ትጥለኛለህ ብላኝ ጥላኝ ሄደች። በቃ። ያን ቀን ማልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ጸሐፊም መጋዙን አይለቅም በሉበት። አልጥልም ብሎሃል በልልኝ ብዬ ጋሽ ታደሰን መለስሁት። ጋሽ ታደሰም እንደ ሽማግሌ አለዝቦ «እያሰበበት ነው» ብሏቸው ኖሯል።

የከተራ ዕለት ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው ማን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? ቄሰ ገበዝ አድማሱ፣ ያለ ጥምጥም! መስቀል ተሳልሜ አስገባኋቸው። ትናንት ከደሴት ገዳም በታንኳ ሲመለሱ እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ባሉበት የዕቃ ቤቱ መክፈቻ ከወገባቸው ተፈትቶ ጣና ገብቷል። ጃንጥላው፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ከበሮው፣ ሁሉም ተቆልፎባቸዋል። ከሰዓት ደግሞ ታቦቱ ወደ ጣና ይወርዳል። በሩን በመጥረቢያ እንዳይሉት የጥንት በር ነው፣ ያውም በበዓል ዋዜማ። ቀጥቃጭ እንዳይጠሩ ቀጥቃጭ በዚያ ቅጥር ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ መጋዝህን በጋቢ ጠቅልለህ፣ ሰው ሳያይህ በጓሮ በኩል ግባልኝ አሉኝ። ምክሩ የእትዬ ጥሩነሽ እንደ ሆነ ከአነጋገሩ ገባኝ።

ደሜ ፈላ። አባ፣ መጋዜ ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው አልኋቸው። በዋናው በር፣ በፀሐይ፣ በትከሻዬ አንግቼው ከገባሁ እመጣለሁ፤ አለዚያ ለመክፈቻው ዋናተኛ ይፈልጉለት። ይህን ለቄስ፣ ያውም ለአማት፣ ያውም ገና መልስ ላልሰጠ አማት መናገር ድፍረት እንደ ሆነ አላጣሁትም። ቄሱ በበሩ ብቅ ብለው ፀሐዩን አዩና፣ እሺ ልጄ፣ እንዳልህ፣ ብቻ ቶሎ በል አሉኝ።

ገባሁ። ሁለቱን መጋዞች እንደ ዘማች በትከሻና በትከሻዬ አንግቼ ገባሁ! ምእመናኑ ግራና ቀኝ ከፈል አሉልኝ። ቀበሌ ሊቀመንበራችን ሳይቀር ከቅጥሩ ውጭ «ለጥናት» ቆሞ ያያል። በሴቶች በኩል እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን እስከ ዐይናቸው ስበዋል፤ ውብነሽ ደግሞ ከጎናቸው ፊቷን ገልጣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ይህን ያህል ሰው ሲያየኝ ጊዜ ጥጋብ መጣብኝ። ተንጎራድጄ ሄጄ ጥርሰ ደቃቁን መጋዝ ጓጉንቸሩ ላይ አሳረፍሁት። ገፋሁ፤ ተንሸራተተ። ተጭኜ ገፋሁ፤ ጮኸ። ጓጉንቸሩ የፈረንጅ ነው፣ ብረቱ እሳት የጠጣ። ምላጬን ባየው ድድ ሆኗል! እኔ ለእናንተ ጥርስ እዩ ስል የነበርሁት ሰውዬ! ከሴቶች በኩል እትዬ ጥሩነሽ ጎላ አድርገው፣ ወይ ቀጥቃጭ አልሆነ ወይ ጸሐፊ አሉ። ሰው ሳቀ። ጆሮዬ ነደደ፤ እመለሳለሁ ግን አላልሁም። ጎንበስ ብዬ ነገሩን አየሁት። ለካ ሞኝ መጋዝ ያማርጣል፣ ብልህ የሚቆረጠውን ያማርጣል። ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበት የበሩ ቀለበት ወፍራም ነው፤ ግን ያገር ቤት ብረት ነው፣ ለስላሳ። ጥርሰ ሰፊውን አነሣሁና ቀለበቱ ላይ አሳርፌ ገፋሁ። ነከሰ! ብናኙ ድንጋዩ ላይ ይረግፍ ጀመር።

ይህን ጊዜ አጠገቤ ቆመው የነበሩት ቄሰ ገበዝ አንጀታቸው አልችል አለ። ቀለበቱን በእጃቸው ሊከልሉት ቃጣቸውና፣ ቀስ! ቀስ በል ልጄ! የአያቴ እጅ ሥራ እኮ ነው! ብለው ጮኹ።

ሰው ሁሉ ወደ ቀለበቱ ዞረ። መጋዜም ቆመ። ቄሰ ገበዝ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ግን ቃል ከወጣ በኋላ በምን ይያዛል? አንዲት ጆሮዋ የከበዳት አሮጊት ከሴቶች መካከል፣ የማን እጅ ሥራ ነው ያሉት ብላ ጠየቀች። የአያታቸው ብለው ጮኸው የነገሯት ሌሎቹ ናቸው። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ጨርሰው ፊታቸው ላይ ጣሉት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ መጋዝም ያወጣዋል ለካ።

እኔ ወደ መጋዜ ተመለስሁ። ቀለበቱን ጨርሼ ቆረጥሁ፤ እውነቴን ነው፣ ጥሩ አድርጎ የተመታ ብረት ነበር፣ ሰውዬው እጀ ወርቅ ነበሩ። በሩ ተከፈተ፤ ጃንጥላው ወጣ፤ ከበሮው ተመታ፤ ታቦቱም በሰዓቱ ጣና ወረደ።

ጥምቀት ባለፈ በማግስቱ ጋሽ ታደሰ እየሳቀ መጣ። ልጅቷን ሰጥተንሃል ብለዋል፤ የመጋዙ ነገርም ቀርቷል፣ እንዲያውም አልጋውን ቶሎ ይጨርስ ብለዋል አለኝ። ብቻ አንድ ነገር ለምነዋል፤ የከተራ ዕለት የሰማኸውን ነገር እንዳታነሣባቸው፣ ምን ብዬ ልንገራቸው ሲል ጠየቀኝ። ለምላጬ አዲስ ምትክ እየገጠምሁ ነበር። ጥርሱ ወደ ፊት ማየቱን አረጋገጥሁና፣ እኔ እንደነሱ ሐሙሲት ድረስ ሰው አልሰድም፤ ሦስት ቤት ሳልሻገር አያታቸው ዘንድ ያገኘሁትን ብረት አላየሁም ብዬ፣ ዘራቸውን ሳልንቅ ልጃቸውን እወስድላቸዋለሁ በልልኝ አልሁት።